የትኩሳቱ ሐዲስና የደምቢያ ወባ፦ የሕክምና ኪታቦች በጎንደር

በ1111 ዓመተ ሂጅራ፣ በሙሐረም ወር (ጁላይ 1699 እ.ኤ.አ.) ሻርል ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ጎንደር ገባ። ከካይሮ ይዞት የመጣው የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የንግድ ወኪል የነበረው ሙስሊሙ ሐጂ ዐሊ ነው። ንጉሡ ታመው ነበርና ሐኪም ፈልጎ እንዲመለስ ታዝዞ ነበር። በዶንጎላና በስናር በኩል የተደረገው ጉዞ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ፤ የሐኪሙ ባልንጀራ የነበረው ካህን ብሬቭዳን ጎንደር ሊገቡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በመንገድ ሞተ። ፖንሴ ንጉሡን አክሞ በ1700 እ.ኤ.አ. በምጽዋ በኩል ተመለሰ፤ ስለ ጉዞውም ጽፎ አሳተመ።

ይህ ታሪክ ዘወትር የሚነሣው ስለ ፈረንሳዊው ሲባል ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን ሐጂ ዐሊ ነው። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገ ጉባኤ፣ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር። መኖሪያቸውም በቀሐ ወንዝ በኩል፣ አዲስ ዓለም በተባለው ሰፈር ሆነ። ከጉርብትና የተገለለው ማኅበረሰብ ቤተ መንግሥቱ ሲጨነቅ ሐኪም የሚገኝበትን አገርና መንገድ የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። ሐጂ ዐሊም ሙስሊም ያልሆነ ሐኪም ማምጣቱ ከሃይማኖቱ ሥርዓት ያወጣው አይደለም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰቂፍ ጎሣ ሐኪም ወደነበረው ወደ አል-ሓሪስ ኢብኑ ከለዳ እንደመሯቸው አቡ ዳውድ ዘግበዋል። የአል-ሓሪስ መስለም አልተረጋገጠም የሚሉ ዑለማእ ከዚህ ተነሥተው፣ ሙስሊም ካልሆነ ዐዋቂ ዘንድ መታከም እንደሚፈቀድ አስረድተዋል።

በዚያው የንግድ መንገድ ከጨውና ከጨርቅ ጋር ኪታብም ይጓዝ ነበር። የየመን ኢማም መልእክተኛ አል-ሐይሚ በ1648 እ.ኤ.አ. ወደ ዐፄ ፋሲል መምጣቱ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ቅርበት ያሳያል። በቀይ ባሕር ዳርቻ ባሉ አገሮች ከተነበቡት የሕክምና ኪታቦች ዋና ዋናዎቹ ሁለቱ የየመን ሥራዎች ናቸው። አንዱ በ815 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት አስ-ሰነውበሪ የጻፉት «ኪታቡ ረሕማህ» ነው። ሁለተኛው በዘጠነኛው መቶ ዓመተ ሂጅራ የኖሩት ኢብራሂም አል-አዝረቅ እርሱንና ሌላ መጽሐፍ አዋሕደው ያዘጋጁት «ተስሂሉል መናፊዕ» ነው። የፊተኛው በብዙ እትሞች በኢማም አስ-ሱዩጢ ስም ታትሟል። ስለዚህ «ሱዩጢ እንዲህ አሉ» እየተባለ ከሚነገረው የመድኃኒት ነገር ከፊሉ የእርሳቸው አይደለም፤ መምህራን ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

የነዚህ ኪታቦች አደረጃጀት ራሱ ትምህርት አለው። አምስት ክፍሎች አሏቸው፤ አስቀድሞ የተፈጥሮን ጠባይ፣ ቀጥሎ የምግቦችንና የመድኃኒቶችን ጠባይ፣ በሦስተኛው አካል ጤነኛ በሆነ ጊዜ የሚስማማውን አኗኗር ያስረዳሉ። የየብልቱ ሕመም የሚመጣው በአራተኛው፣ መላውን አካል የሚይዘው ደግሞ በአምስተኛው ክፍል ነው። ዛሬ በየገበያው በብጣሽ ወረቀት የሚዞረው ግን ከመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች የተቀነጨበ ነው፤ ጤናን ስለ መጠበቅ የሚናገረውን ክፍል የሚገለብጥ ሰው ብዙም አናይም።

ቁም ነገሩ በግልጽ የሚታየው በትኩሳት ጉዳይ ነው። ትኩሳትን በውሃ ስለ ማብረድ የተነገረው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሶሒሕ ሐዲስ ነው። በ751 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢብኑል ቀዪም፣ «ዛዱል መዓድ» በተባለው ሥራቸው ውስጥ በሚገኘው «አጥ-ጢቡን ነበዊ» ሲያብራሩት፣ ንግግሩ ለሒጃዝና ለአካባቢው ሰዎች የተነገረ መሆኑን ጽፈዋል። ምክንያታቸውም በዚያ አገር የሚበዛው ትኩሳት ከፀሐይ ግለት የሚመጣ፣ ውሎ የማያድር በመሆኑ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣትና መታጠብ የሚጠቅመው ነው የሚል ነው። ኢብኑ ኸልዱን ከዚህም አልፈው፣ ነቢዩ የተላኩት ሸሪዓን ሊያስተምሩ እንጂ ሕክምናን ሊያስተምሩ አይደለም ብለዋል። እኛ ያን ያህል መራቅ ሳያስፈልገን የኢብኑል ቀዪም ማብራሪያ ብቻ ይበቃናል፤ ሐዲሱን ሳይነካ ቦታውን ያሳያልና።

ደምቢያ ሒጃዝ አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን የተዘረጋው ይህ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ክረምቱ ሲወጣ ውሃ ይተኛበታል፣ ከዚያም ወባ ይነሣል። በ1953 እ.ኤ.አ. ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ደርሶበታል። በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባሉ የኢትዮጵያ አካባቢዎች በተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ወባን የቆላ ሕመም ብቻ አድርጎ ይቆጥር የነበረው ደገኛ ያን ጊዜ ተደናገጠ። ወባ የሚድነው በደም ውስጥ ያለውን ተሕዋስ በሚገድል መድኃኒት ነው፤ ውሃ የሰውነቱን ግለት ጥቂት ሊያበርድ ቢችልም ተሕዋስያኑን አይነካም። ሕፃን ልጅ ሲሆን አንድ ቀን መዘግየት ነፍስ ያስከፍላል። ሐዲሱን ያለ ማብራሪያው ሰምታ ልጇን በውሃ እያራሰች ቤት የምታቆይ እናት በእምነቷ አይፈረድባትም፤ ጥያቄው የሚመለሰው ወደ አስተማሪዋ ነው።

በሁለቱ ወረርሽኞች መካከል፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። ባለሙያዎቹ ስለ ውሃ፣ ስለ ምግብና ስለ መኖሪያ ያስተማሩት በአል-አዝረቅ ኪታብ ሦስተኛ ክፍል ከተነሣው ጉዳይ ጋር ይገናኛል፤ ዕውቀቱ ሌላ ቢሆንም መነሻው ያው ሰው ሳይታመም ጤናውን መጠበቅ ነው። በየመስጂዱ ይህን ዝምድና የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ኖሮ በሐኪም ቤትና በሩቅያ መካከል የተፈጠረው ፉክክር ባልከረረም ነበር እንላለን። ሩቅያ ዱዓእ ነው፤ የደም ምርመራን አይከለክልም።

ሕክምናን ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን የሚያስረዳ ሐዲስም በሱነን ኪታቦች አለ። ኢብኑል ቀዪም በዚሁ መጽሐፋቸው በሰፊው ተንትነውታል፤ ዐዋቂ ሐኪም ሊያስተውላቸው የሚገቡ ሃያ ነጥቦችንም ዘርዝረዋል። ከነዚህም የሕመሙን ዓይነት፣ መንሥኤውን፣ የበሽተኛውን ዕድሜ፣ አገሩንና ወቅቱን ማወቅ ይገኙበታል። በደምቢያ ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የትኩሳቱ ሐዲስ በነዚያ ወራት ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ባለው ደርስ ሲነበብ፣ አገርንና ወቅትን የሚያነሡት ነጥቦች አብረው ይነበቡ፤ ኢማሙም ትኩሳት የያዘው ልጅ ያለበት ቤተሰብ ካለ ሌሊቱ ሳይነጋ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው በዚያው ያሳስብ።