የቻይና የድንጋይ ማኅተሞችና ሰብሳቢዎቻቸው

ማኅተም ትንሽ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን የሰውን ስምና ቃል ይሸከማል። በቻይና አገር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ንጉሡ በዐዋጁ፥ ሹሙ በደብዳቤው ያትምበት ነበር፤ በኋላም ሠዓሊው በሥዕሉ ላይ ያትምበት ጀመር። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በጥንት ዘመን ማኅተም የሚሠራው ከነሐስ፥ ከወርቅና ጄድ ከሚባለው የከበረ ድንጋይ ነበር። እነዚህ ጠንካሮች ስለ ሆኑ ሊቁ ፊደሉን በብሩሽ ይነድፋል እንጂ የሚቀርጸው ባለእጅ ነበር። የሳሙና ድንጋይ የሚባለው ለስላሳ ድንጋይ በተለመደ ጊዜ ግን ይህ ልማድ ተለወጠ። በ14ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሠዓሊ ዋንግ ሚየን በለስላሳ ድንጋይ ላይ ማኅተሙን በገዛ እጁ ቀረጸ ይባላል። ከእርሱም በኋላ ዌን ፔንግ (1498–1573) የቺንግትየንን ድንጋይ በሊቃውንት ዘንድ አስወደደ። ከዚያ ወዲህ አሳቡም እጁም የአንድ ሰው ሆነ። እንዲያውም ቺ ባይሺ (1864–1957) በወጣትነቱ አናጢ ሲሆን፥ በሥዕልና በማኅተም ቀረጻ እጅግ የታወቀ ሰው ለመሆን በቃ።

ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጓቸው ድንጋዮች የሚገኙት በፉጂየንና በጀጅያንግ ክፍላተ ሀገር ነው። የቻንግኋ ድንጋይ ቀይ ነጠብጣብ ስላለበት «የዶሮ ደም» ይባላል። በሾሻን መንደር ከሩዝ እርሻ አፈር ውስጥ ተቈፍሮ የሚወጣው ብጫ ድንጋይ ደግሞ በሚዛን ሲሸጥ ዋጋው ከወርቅ የበለጠበት ጊዜ አለ። ንጉሥ ቺየንሎንግ ከአንድ ሺህ በላይ ማኅተሞች ነበሩት፤ ከእነርሱም በሰንሰለት የተያያዙት ሦስት ብጫ ማኅተሞች ዛሬ በቤይጂንግ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛሉ።

አንዳንድ ባለጠጎች ግን ድንጋዩን ወድደው ስሙን ናቁ። የቀድሞውን ባለቤት ስም ፍቀው የራሳቸውን አስቀረጹበት። በዚህም ምክንያት ድንጋዩ ቀረ፤ ታሪኩ ግን ጠፋ። አስተዋይ ሰብሳቢ እንዲህ አያደርግም። ቀራጩ በድንጋዩ ጐን የጻፈውን ስምና ዓመት ያነባል፤ ማኅተሙንም በቀይ ቀለም በወረቀት ላይ እያተመ መጽሐፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ድንጋዩ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ እንኳ ምልክቱ ለተከታዩ ትውልድ ይተርፋል። በ1904 በሐንግጆው ከተማ የተመሠረተው የሺሊንግ ማኅበርም የተቋቋመው ይህን ጥበብ ለመጠበቅና ለማጥናት ነው። በ2009ም ዩኔስኮ የቻይናን የማኅተም ቀረጻ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ጻፈው።

እንግዲህ የጥንት ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ሁለት ነገር በእጁ እንደ ያዘ ይወቅ፤ ይኸውም ዕቃውና የሠሪው መታሰቢያ ነው። ዋጋ የሚከፈለው ለፊተኛው ቢሆንም፥ አንድ ጊዜ ከተፋቀ በማናቸውም ገንዘብ የማይመለሰው ሁለተኛው ነው።