ጽሑፍን ስለ ማዘግየት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ምሳሌ ይዘን፥ መታጠቂያችንን ስናጠብቅና ስናላላ የሚመሽብን ጸሐፊዎች ብዙዎች ነን። የጻፍነውን እናርማለን፤ ያረምነውን እንሰርዛለን፤ ነውር እንዳይገኝበት ብለንም በሣጥን እንቈልፈዋለን። በመጨረሻም ጽሑፉ ሳይነበብ ባለቤቱን ይከተላል።

የወሎ ምድር ግን ለዚህ ሕመም የቈየ መድኃኒት አላት። ስመ ጥር በሆነው በዋድላ የቅኔ ጉባኤ ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙለታል። «ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪሞላልኝ አልናገርም» የሚል ተማሪ የለም፤ ወደ መወድስ የሚደረሰው በጉባኤ ቃና ስሕተት በኩል ነውና። የትናንቱን ቅኔ መድገም ስለማያስመሰግንም በማግሥቱ ሌላ አዲስ ይጠበቅበታል።

በዘመናዊውም ትምህርት ከዚሁ ከወሎ የወጣ አንድ ምስክር አለን። የሳይንቱ ተወላጅ ዋለልኝ መኰንን በደሴ በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በእንግሊዝኛ የጻፈው አጭር ጽሑፍ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ልሳን በነበረው በ«ስትራግል» ወጣ። ደራሲው ገና በመግቢያው ጽሑፉ ለአንድ ልዩ ጊዜ የተዘጋጀ መሆኑን፥ ስለዚህም በጅምላ የተነገረና በሚገባ ያልተተነተነ ነገር እንደሚገኝበት ሳይደብቅ ተናገረ፤ ለውይይት ግን መጥፎ ጅማሬ አይደለም አለ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ በተደረገ ሙከራ ሕይወቱ አለፈ። ጽሑፉ ፍጹም እስኪሆን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ የቀረለት ጊዜ ሦስት ዓመት ከ21 ቀን ብቻ ነበር።

የጽሑፉ ሐሳብ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የሚያመሰግኑትም የሚወቅሱትም አሉ። እኛ እዚህ ለመፍረድ አልተነሣንም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውላለን፤ ጸሐፊው ጅማሬ ያለውን ብዙ አንባቢዎች እንደ ፍጻሜ ተቀበሉት፤ ሌሎችም ሳይመረምሩ ጣሉት። ቅኔው ተነግሮ ነበር፤ አራሚው ግን ጠፋ። እንግዲህ ጉባኤ የሚቆመው በሁለት እግሩ መሆኑን እንረዳለን፤ አንዱ ሳያፍር የሚናገር ተማሪ፥ ሁለተኛው ሳይንቅ የሚያርም መምህር ነው። ያልበሰለ ጽሑፍ ማውጣት ነውር የሚሆነው ለእርማት ጆሮ ስንነፍግ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ የአገሩን ታሪክ፥ የገበያውን ወግ፥ የአባቶቹን ቃል መዝግቦ በሣጥን ያኖረ መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ አይጠፋም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን፤ የተቈለፈ ጽሑፍ ግን ከቃል ይልቅ ፈጥኖ ይረሳል፤ ቃልንስ አንድ ሰሚ እንኳ ሰምቶታል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ የሐረጎን ጠመዝማዛ አንዱን ሳያልፍ ቀጣዩን አያይም። እኛም ለዚህ ወር ያለንን ሁለት ቤት እንናገር፤ የሚያርመንንም እናክብር፤ መወድሱ በጊዜው ይመጣል።