ዙፋኑ፣ ምክር ቤቱና የጎጃም ገበሬ

ጎጃም የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር ነው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ። ልጃቸው ራስ ኃይሉም እስከ 1924 ዓ.ም ድረስ ጎጃምን ገዝተዋል። ከዚያ ወዲህ አገሩን የሚያስተዳድሩት ከማዕከላዊው መንግሥት የሚሾሙ ገዥዎች ሆኑ። ዙፋኑ ሥልጣኑን ከሕዝብ ጋር ለመካፈል ያደረጋቸው ሙከራዎችም የተፈተኑት ከምንም በላይ በጎጃም ገበሬ ደጃፍ ነበር።

ሕዝብ ያልመረጠው ምክር ቤት

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም ወጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ለአርአያነት የተወሰደው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የተባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ሲሾሙ፣ የመምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት እንዲመርጡ ተደነገገ።

በጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምሪያው አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ፈቀደ። ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ ወንዶችና ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። ይሁን እንጂ ለመመረጥ የተወሰነ ሀብት ወይም መሬት ያስፈልግ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ሚኒስትሮችን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ስለነበሩ፣ ምክር ቤቱ ሕግ ቢመክርም መንግሥትን ተጠያቂ ማድረግ አይችልም ነበር።

የ1960 ዓ.ም ግብር

ይህ ክፍተት በ1960 ዓ.ም በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር በአሥራት ምትክ ከእርሻ ገቢ ላይ የሚከፈል አዲስ ግብር ታወጀ። አዋጁ በምክር ቤቱ ውይይት ተደርጎበት የጸደቀ በመሆኑ፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ሕጋዊ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ነገሩን ያየው በሌላ ዓይን ነው። መሬቱን በርስትነት የያዘው ከአባቶቹ በትውልድ ተቀብሎ ነው። ምርቱን ለመገመት የመጣ ሹም ነገ ደግሞ ቀላድ ይዞ እንደሚመለስና ርስቱን ለክቶ እንደሚነጥቀው ሰጋ። ለዚህ ሥጋት መነሻ ነበረው፤ በደቡብ የአገሪቱ ክፍሎች ቀላድ በተጣለበት ብዙ ቦታ ባለመሬቱ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል።

ገበሬው መጀመሪያ አቤቱታ አሰማ፤ መልካም ምላሽ ሲያጣ ግን በሞጣ፣ በቢቸናና በቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃዎች መሣሪያ አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አየር ኃይሉም ተሰማራ። ኋላ ላይ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሥተው ደጃዝማች ደረጄ መኮንን ተተኩ። በ1961 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ጎጃምን ጎብኝተው የብዙ ዓመታት ውዝፍ ግብር ማሩ። አዲሱ ግብርም በጎጃም እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ።

ገበሬው ጥያቄውን አስመለሰ፤ ያስመለሰው ግን በወንበሩ ላይ ባሉ እንደራሴዎች በኩል አልነበረም። ሕይወትና ንብረት ተከፍሎበታል።

የዘገየው ማሻሻያ

የካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። በዚያው ዓመት አዲስ ሕገ መንግሥት መረቀቅ ጀመረ። ረቂቁ ዙፋኑን ለክብር አስቀርቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምክር ቤቱ ተጠያቂ የሚያደርግ ነበር። ሳይጸድቅ ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ፤ ምክር ቤቱንም በተነ። በመጋቢት ወር ዘውዳዊው ሥርዓት በአዋጅ ተሻረ። በሥልጣን ክፍፍል ለመኖር ዝግጁ የሆነው ዙፋን የሚያካፍለው ሥልጣን ሲያልቅበት ነበር።

ቡታን በሌላ መንገድ

በሂማላያ ተራሮች የምትገኘው ትንሿ ንጉሣዊት አገር ቡታን ሌላ መንገድ ሄደች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለሕዝብ ተሰራጨ። ንጉሡና አልጋ ወራሹ በ20ዎቹም አውራጃዎች ከሕዝብ ጋር ተወያዩበት። በ2007 ሕዝቡ ድምፅ አሰጣጥ እንዲለማመድ የሙከራ ምርጫ ተካሄደ፤ በ2008 ደግሞ እውነተኛው ምርጫ ተደረገ። ሕገ መንግሥቱ ንጉሡ 65 ዓመት ሲሞላው ዙፋኑን እንዲለቅ ያዛል። የቡታን መንገድም ቢሆን እንከን አላጣውም፤ ቀደም ሲል የተሰደዱ 100 ሺህ ገደማ ኔፓልኛ ተናጋሪዎች በዚህ ምርጫ አልተሳተፉም።

ከታሪኩ የሚቀረው

ዛሬ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሚኖር ገበሬ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው። በአማራ ክልል መሬት ሲለካና ሲመዘገብ ከነዋሪው መካከል የተመረጠ የቀበሌ መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ይሳተፋል። በ1960 ዓ.ም ጦርነት ያስነሣው የመለካት ሥጋት ድንበሩን የሚያውቅ ጎረቤት በቆመበት በእጅጉ ይቀላል። የሕዝብ ውክልናም እንዲሁ ነው፤ ገበሬው የሚያምነው ስለ መሬቱና ስለ ግብሩ ሲወሰን የሚጠየቅ፣ ሲያጠፋም የሚነሣ ሰው በወንበሩ ላይ ሲያይ ነው።