ከጀማ ማዶ የሚሰማ ድምፅ

ባለፈው ዓመት የመስቀል ሰሞን፣ አሜሪካ የሚኖር አንድ የባቻችን ልጅ ደወለልኝ። ስሙን አልጠራም፤ ከስቴቶስኮፕ ይልቅ መበየጃ ይዞ ሲታይ ያምርበት የነበረው ልጅ ብል የ1997 ተመራቂዎች ታውቁታላችሁ። "ጓሮዬ ውስጥ ሪፒተር ተከልኩ" አለኝ፣ በሬ የገዛ ገበሬ በሚመስል ኩራት።

እሱ ያለበት አገር "ጂ.ኤም.አር.ኤስ" የሚባል፣ ለግለሰብና ለቤተሰብ የተፈቀደ የመገናኛ ሬድዮ አለ። ፈተና የለውም። ዕድሜው 18 የሞላ ሰው 35 ዶላር ከፍሎ ለ10 ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ያወጣል፤ በዚያው ፈቃድ ሚስቱም፣ ልጆቹም፣ ወንድምና እህቶቹም ያወሩበታል። ይህን ሁሉ ካስረዳኝ በኋላ፣ "ስሚኝማ፤ ዓለም ከተማ አንድ፣ መሐል ሜዳ አንድ፣ ደብረ ብርሃን አንድ ብትተክሉና ሦስቱን በኢንተርኔት ብታያይዟቸው፣ ያቺ ሴትዮ እኮ…" አለና ዝም አለ። እኔም "ባክህ፣ እዚህ አይሆንም" ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን ለምን እንደማይሆን በትክክል መመለስ አለመቻሌ አሳፈረኝ። ይህ ጽሑፍ ለእሱ የዘገየ መልስ ነው።

ያቺ ሴትዮ ማን እንደሆነች ላስቀድም። በ1998 ዓ.ም. መርሐቤቴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ጤና ጣቢያውን አልጠራውም፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም። ከእኔ በፊት አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ለጤና ጣቢያውና በቆላው ላሉ ኬላዎች የእጅ ሬድዮ አድሎ፣ አፋፉ ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሪፒተር ተክሎ ነበር። ነርሶቹ በዚያ ሬድዮ መኪና እንዴት ይጠሩ እንደነበር ሲያወሩ በቅናት እሰማቸዋለሁ። እኔ ስደርስ ፕሮጀክቱ አልቋል። የሬድዮው ፈቃድ በድርጅቱ ስም ስለነበር፣ ድርጅቱ ሲወጣ ፈቃዱም አብሮት ወጣ። ሬድዮዎቹ በካርቶን ታሽገው፣ ማኅተም ተመትቶባቸው፣ ከመድኃኒት መጋዘኑ ጥግ ተቀመጡ። ሪፒተሩም ተነቀለ።

አንድ ሌሊት ሁለት ሰዎች ፋኖስ ይዘው መጡ። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗን የጨረሰች ሴት ከገደሉ ሥር አለች፤ እነሱ አምስት ሰዓት ወጥተዋል። መኪናችን እስከ መንገዱ ጫፍ ሄዳ ስትጠብቅ፣ ሰዎቹ ተመልሰው ወርደው በቃሬዛ እስኪያወጧት ነጋ፤ ከዚያም ረፈደ። ዓለም ከተማ ስትደርስ ማሕፀኗ ተቀዶ ነበር። የቀዶ ሕክምና ባልደረቦቼ እሷን አተረፏት። ልጇ አልተረፈም። ሬድዮዎቹ ከተኛሁበት ክፍል ሃያ እርምጃ ርቀው ካርቶን ውስጥ ነበሩ።

እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ስንማር "ሦስቱ መዘግየቶች" የሚባለውን ሁላችንም ተፈትነንበታል፦ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ሬድዮ ሁለተኛውን ያሳጥራል። መንገድ አይሠራም፤ ግን የአንድ ወገን ጉዞን ያስቀራል። በዚያች ሌሊት አምስት ሰዓቱ የመልእክት መንገድ ነበር።

ሪፒተር ምን እንደሆነ መርሐቤቴ ያደገ ሰው ሳይማር ያውቀዋል። ቆላ ያለ ሰው ወዲያ ማዶ ላለ ዘመዱ መልእክት ሲኖረው አፋፍ ላይ የቆመውን ሰው ይጣራል፤ የአፋፉ ሰው ይሰማና በራሱ ጉሮሮ ወደ ማዶ ያሻግረዋል። የእጅ ሬድዮ የሚጠቀምበት ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ተራራ ሲገጥመው አይዞርም። ሪፒተሩ ከፍታ ላይ ተቀምጦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ፣ በበለጠ ኃይል ይለቀዋል። ለሚ ላይ ቆሞ የጀማን ሸለቆ ቁልቁል ያየ ሰው፣ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በሙከ ጡሪ በኩል አልፎ ያንን ቁልቁለት የወረደ ሰው፣ ለምን አንድ ሪፒተር ለወረዳው ሁሉ እንደማይበቃ አይጠይቅም። አንዱን ሸለቆ የሚያይ አፋፍ ሌላውን አያይም፤ በጀማና በወንጪት መካከል ያለው አገር እንዲህ የተቆራረጠ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሪፒተሮችን የሚያገናኝ ነገር ያስፈልጋል። በቀድሞው ዘዴ ሌላ የሬድዮ መስመር በመካከላቸው ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የካናዳዋ ቫንኩቨር አማተር፣ ዴቪድ ካሜሮን፣ ድምፁን በኢንተርኔት አሳልፎ ከሌላ ከተማ ሪፒተር ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት ጀመረ፤ "አይ.አር.ኤል.ፒ" ይባላል። በ2002 ደግሞ አሜሪካዊው ጆናታን ቴይለር "ኤኮሊንክ"ን አወጣ፤ ይኸኛው በኮምፒውተር ብቻም መግባት ያስችላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሪፒተሩ የሰማው ድምፅ ወደ ቁጥር ይቀየራል፣ እንደ ማንኛውም የኢንተርኔት መልእክት ይጓዛል፣ ማዶ ያለው ሪፒተር ተቀብሎ ወደ አየር ይለቀዋል። መሐል ሜዳ የተነገረው ዓለም ከተማ ይሰማል፤ በመካከል ያለው ገደል ከቁጥር አይገባም።

እዚህ ላይ ለጓደኛዬ አንድ ነገር ልንገረው፤ ምናልባት ደርሶበት ይሆናል። እሱም ቢሆን የጓሮውን ሪፒተር ከሌላ ከተማ ሪፒተር ጋር በኢንተርኔት እንዲያያይዝ አልተፈቀደለትም። የአገሩ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን በግልጽ አሳውቋል፦ የጂ.ኤም.አር.ኤስ ጣቢያ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኘው ከርቀት ለመቆጣጠር ብቻ ነው፤ ድምፅ ከሪፒተር ወደ ሪፒተር ለማሻገር አይደለም። ያንን ማድረግ የሚችለው ተፈትኖ ያለፈ አማተር ነው። "እዚያ ሁሉ ነገር ይቻላል" ስንል ብዙ ጊዜ ሕጉን ሳናነብ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። በኢትዮጵያ ሽቦውም አየሩም ከመነሻው የመንግሥት ነው። በ1886 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር የቤተ መንግሥት መስመር ነበር። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ሥርዓቶች ተፈራረቁ፣ ስሙም ተለዋወጠ፤ ሁለተኛ ኦፕሬተር ፈቃድ ያገኘው ግን ግንቦት 2013 ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ክፋት ብቻ አይደለም። የሬድዮ ሞገድ የጋራ ነው፤ አንዱ በዘፈቀደ ቢለቀው የአውሮፕላን ማረፊያውን ወይም የአምቡላንሱን ድምፅ ይሸፍናል። ፈቃድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የቴሌኮሙኒኬሽን አዋጅ ቁጥር 49/1989 ኤጀንሲ አቋቁሞ ፈቃድ ሰጪውን ከአገልግሎት ሰጪው ለየ። ከባዱ ግን አዋጅ ቁጥር 761/2004፣ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ነው። ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ያስገባ፣ የገጣጠመ ወይም ለሽያጭ ያቀረበ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይታሰራል። ያለ ፈቃድ የያዘ ወይም የተጠቀመ ከ1 እስከ 4 ዓመት፣ ከ10,000 እስከ 40,000 ብር መቀጮ ጋር። ከአገልግሎት ሰጪው መሠረተ ልማት ውጪ የራሱን ዘርግቶ ወይም የተዘረጋውን አልፎ አገልግሎት የሰጠ ደግሞ ከ10 እስከ 20 ዓመት።

እንግዲህ በጓደኛዬ ሐሳብ ላይ አስቀምጡት። ሦስት ሪፒተር፣ በድምፅ፣ በኢንተርኔት፣ ከስልክ ኔትወርኩ ጎን። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ አዋጁ የታሰበው በዓለም አቀፍ ጥሪ ለሚነግዱት ነው፣ በነፃ ነርስን ከሐኪም የሚያገናኝን አይመለከትም ብሎ የሚከራከር ሊኖር ይችላል። ግን ይህን ክርክር ፍርድ ቤት ቆሞ ለመሞከር የሚፈልግ ጤና መኮንን አላውቅም። ያ መጋዘን ጠባቂ ማኅተሙን ለምን እንዳልቀደደው ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ተናድጄበት ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

አሁን ደግሞ ከእኛው ግቢ አንድ ታሪክ። አምስት ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ እንለው በነበረው ግቢ፣ የኢትዮጵያ አማተር ሬድዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ አለ። መጠሪያው ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ ነው፤ "ኢቲ" ለአገራችን የተሰጠ ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ የቴክኖሎጂ ጓደኛዬ አስገብቶኝ ያውቃል። እኔ የጠበቅሁት ትልቅ መሣሪያ ነበር፤ ያየሁት ጠረጴዛ፣ አንድ ሳጥን፣ የጆሮ ማዳመጫ። ከዚያ የሩቅ አገር ሰው ድምፅ በጩኸት መካከል ተነስቶ መጠሪያችንን ደገመው። ኢትዮጵያ በአማተሮች ዘንድ ብርቅ አገር ናት፤ ከእኛ የሚሰማ ድምፅ ጥቂት ስለሆነ አንዴ ሲከፈት ዓለም ይሻማበታል። ለዚያ ልጅ፣ ለአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎለት ነበር።

ያ ጣቢያ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ እንደገና ሕይወት ዘርቶ፣ በሥሩ ስንት ባች አልፏል። ተማሪዎች ይመረቃሉ፣ ይሄዳሉ፤ ፈቃዱ ይቀራል። ምክንያቱም ፈቃዱ በክበቡ ስም ነው፣ ክበቡም በግቢው ውስጥ ነው። የጓደኛዬ ፈቃድ በእሱ ስም ነው፤ እሱ እስካለ ቤተሰቡ ያወራበታል። የእኛ የመጋዘን ሬድዮዎች ፈቃድ ደግሞ ሊሄድ በቀጠሮ በመጣ እንግዳ ስም ነበር። በጠፋው ፈቃድና በቆየው ፈቃድ መካከል ያየሁት ልዩነት ይህ ነው፦ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም።

አንዳንዶቻችሁ "እንግዲያው አማተሮቹ ለምን አይረዱንም?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። አማተር ሬድዮ ግን ለመደበኛ ሥራ አይፈቀድም፤ ለራስ ሥልጠና፣ ለሙከራና ለመገናኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የሬድዮ ደንብ አገሮች አማተሮችን ለአደጋ ጊዜ እንዲያዘጋጁ ያበረታታል፤ በዚያው ደንብ መልእክቱ ትርጉሙን ለመደበቅ ተብሎ በምስጢር ኮድ አይተላለፍም። ይህ ለእኛ ሙያ ከባድ ነው። የታካሚን ስም፣ የኤች.አይ.ቪ. ውጤት፣ የአንዲትን ልጃገረድ ፅንስ በአየር ላይ ለወረዳው ሁሉ ማንበብ አንችልም። ነርሶቻችን ይህን ድሮ በራሳቸው ዘዴ ፈትተውት ነበር፤ ስም ሳይጠሩ "ሦስተኛ ወሊድ፣ እግር ቀድሞ" ብቻ ይሉ ነበር አሉ። ናይሮቢ ያለው አምሬፍም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሬድዮ የገጠር ሆስፒታሎችን ሲያገናኝ ሁሉም እየሰማ ነው የሠራው።

ሌላም ነገር አለ። በ2015 በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስለ ጓደኛዬ ሐሳብ ገና አልሰማሁም ነበር። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው፣ በኢንተርኔት የተያያዙት ሦስቱ ሪፒተሮች ያን ቀን እርስ በርስ ይጠፋፉ ነበር። እያንዳንዱ ግን የራሱን ሸለቆ ማገልገሉን ይቀጥላል። የወንጪት ቆላ ነርስ ደብረ ብርሃንን ባትሰማም አፋፍ ላይ ያለውን ጤና ጣቢያ ትሰማለች፤ ያቺ ሴትዮ ያስፈለጋትም ይኸው የመጀመሪያው እርምጃ ነበር። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ይቅርና መጀመሪያ አንዱ ሪፒተር ይመለስ ባይ ነኝ።

አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ የፍሪኩዌንሲ ፈቃድን ለእሱ ሰጥቷል። በሩ ዛሬ የታወቀ ነው። ለግል መገናኛ ሬድዮ የሚቀርብ ማመልከቻ ማን እንደሚጠቀም፣ የት እንደሚተከል፣ ስንት ዋት እንደሆነ፣ አንቴናው ምን ያህል እንደሚረዝም ይዘረዝራል። ይህን የቴክኒክ ገጽ መሙላት ለአምስት ኪሎ ልጆች የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ግን ግድግዳ ነው። የአመልካች ስም በሚለው መስመር ላይ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይጻፍ፤ ፕሮጀክት አይጻፍ፣ እኔም አልጻፍ። ሪፒተሮቹን በኢንተርኔት ስለማያያዝም በዚያው ደብዳቤ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ "ይቻላል" ወይም "አይቻልም" የሚል በማኅተም የተደገፈ መልስ እስከ ዛሬ በእጄ የለም።

የዘንድሮው መገናኛችን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ክፍት ሰዓት አለው። የኤሌክትሪካል መምህራን ካላችሁ አምስት ኪሎ በር ላይ በ9 ሰዓት እጠብቃለሁ፤ የመርሐቤቴን የከፍታ ካርታ ይዤ እመጣለሁ። ጓደኛዬም ትኬት ቆርጧል። የመጋዘኑን ሬድዮዎች ጉዳይ ጠይቄ ነበር፤ ባትሪዎቹ አብጠው ካርቶኑን ገፍተውታል፣ ማኅተሙ ግን እንዳለ ነው።