የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው ይዤ የመጣሁት። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ታሪክ ማሳጠር አይሆንልኝም። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። አራት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በር ላይ ጠብቀው «ቲቸር፣ ድራማ የምንለማመድበት ቦታ ይፈልጉልን» አሉኝ። ትምህርት ቤታችን በሁለት ፈረቃ ስለሚያስተምር ባዶ ክፍል የለውም። ወዲያው ትዝ ያለኝ ያደግኩበት ሰፈር የቀበሌ አዳራሽ ነው። ቀበሌው ወረዳ ከሆነ ስንት ዓመቱ፤ የሰፈሩ ሰው ግን ዛሬም «ቀበሌ አዳራሽ» ነው የሚለው። ሄጄ አየሁት። በሩ ላይ የዛገ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። በመስኮት አጮልቄ ሳይ የተሰባበረ ወንበር፣ የተቀደደ ጣሪያ፣ ከስንት ዘመን በፊት የተሰቀለ የስብሰባ ባነር።

ይሄ ቤት ምን ያላየው ነገር አለ? እስቲ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

ከአዳራሹ በፊት አደባባዩ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ሲቃረብ እነ አቶ መኮንን ሀብተወልድ የሀገር ፍቅር ማህበርን አቋቋሙ። ማህበሩ ሲነሳ የቴአትር ሕንፃ አልነበረውም፤ ሕዝቡን ምኒልክ አደባባይ ላይ እየሰበሰበ በንግግርና በዘፈን ያነቃቃ ነበር። ዛሬ ፒያሳ የምናውቀው ሀገር ፍቅር ቴአትር ከዚያ ስብስብ የመጣ ነው። መጀመሪያ ሰው ተሰበሰበ፣ ቤቱ በኋላ መጣ። ይችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወደ እኛ ሰፈር አዳራሽ ስንመጣ ደግሞ መነሻው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማህበራትንም አቋቋመ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ቀበሌ ኪራይ ሰብሳቢም፣ ዳኛም፣ ስኳር አዳይም ሆነ። ይሄ ሁሉ ሥራ መሰብሰቢያ ይፈልጋል። አንዳንዱ ቀበሌ የተወረሰ ቪላ ውስጥ ገባ፤ ሌላው በነዋሪው መዋጮና ጉልበት አዳራሽ ሠራ። የእኛንም ሰፈሩ ጭቃ ረግጦ፣ ቆርቆሮ ተሸክሞ እንደሠራው ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ።

ያ አዳራሽ ሁለት መልክ ነበረው።

አንደኛውን ወላጆቻችን ፈገግ እያሉ ያወሩታል። የቀበሌ ኪነት ነበር። ጊታር ነክቶ የማያውቅ የሰፈር ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ያንጎራጉራል፣ ልብስ ሰፊው ተዋናይ ይሆናል። በኋላ አገር ያወቃቸው ብዙ ድምፃውያንና ተዋንያን መጀመሪያ ማይክ የጨበጡት በቀበሌና በከፍተኛ ኪነት ውስጥ ነው። እርግጥ ነው፣ ዘፈኑ አብዮቱን ማወደስ ነበረበት። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ ከጊዜ በኋላ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ተሰጠ፣ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አገኘ። አያቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው እዚያው አዳራሽ፣ ኩራዝ አጠገብ ተቀምጣ ነው።

ሁለተኛው መልክ በፈገግታ አይወራም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲፋፋም ቀበሌዎች ታጠቁ። አብዮት ጠባቂዎች ቤት ለቤት ያስሱ ነበር፤ በብዙ ቦታ የቀበሌው ግቢ እስር ቤትና መግረፊያ ሆነ። እኔ ያላየሁት አጎቴ የተያዘው እዚሁ ነው፣ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል። አክስቴ 19 ቀን ስንቅ አመላለሰች። በ20ኛው ቀን «ስንቁን ይዘሽ ተመለሽ» አሏት። ያንን ዘመን ያየ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ግድግዳ። ከፊት ኪነት፣ ከኋላ እስር። ክፍል ውስጥ ይሄን ዘመን ሳስተምር «ቲቸር፣ ቀበሌ ጥሩ ነበር መጥፎ?» ይሉኛል። አንድ ቃል መልስ የለኝም።

ደርግ ከወደቀ በኋላም አዳራሹ ለትንሽ ጊዜ ሕይወት ነበረው። በ1980ዎቹ ሰርከስ ኢትዮጵያ ሲነሳ በየከተማው ልጆች አክሮባት መሥራት ጀመሩ። ቴኳንዶው መጣ። በ1990ዎቹ ደግሞ የፀረ ኤድስ ክበባት። እኔም የክበብ ልጅ ነበርኩ፤ የታመመ ሹፌር ሆኜ ተውኜ ሰፈሩን አስለቅሻለሁ። (አትሳቁ።) ቤተሰቡ ሁሉ መጥቶ አየኝ፣ አክስቴ ብቻ ቀረች። «ራሴን አሞኝ ነው» አለችኝ። ያኔ አመንኳት።

ታዲያ አዳራሹ መቼ ሞተ? ማንም አልዘጋውም፤ ቀስ ብሎ ነው የሞተው። ቀበሌዎች ተጣመሩ፣ ስማቸው ተቀየረ፣ ቢሮዎቹ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄዱ። አዳራሹ ለስብሰባ ብቻ የሚከፈት ሆነ፣ ቀጥሎ መጋዘን። የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከላት የመጡት በኋላ ነው። ጥሩ የሚሠሩ አሉ፣ አልክድም። እኔ ያየኋቸው ግን ቤተ መጻሕፍታቸው ተቆልፎ የፑል ጠረጴዛና የዲኤስቲቪ ኳስ ብቻ የቀራቸው ናቸው። ሕንፃው ከእኛ አዳራሽ በስንት እጅ ይበልጣል። ልዩነቱ፣ ልጆቹን «ምን ትፈልጋላችሁ?» ያላቸው አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ እኔ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። የተረሳ ቦታ በቀለምና በሪባን አይነሳም። ወሳኙ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ነው። ቁልፉ የታጠቀው ሰው ጋ ሲሆን አዳራሹ እስር ቤት ሆነ። ማንም ጋ ሳይሆን ሲቀር መጋዘን ሆነ። ለሰፈሩ ልጆች በተተወላቸው ጊዜ፣ በዚያው በሚያፈስ ጣሪያ ሥር፣ ድራማና ሰርከስ ሆነ። የሀገር ፍቅር ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፦ ሰው ካለ ቤቱ ይገኛል፤ ሰው የሌለበት ቤት ግን ቆርቆሮ ነው።

ስለዚህ ቁልፉን ልንጠይቅ ሄድን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መራን፣ ሌላው ደብዳቤ አለን፣ ደብዳቤው ማህተም ጎደለው፣ ማህተሙን ስናገኝ ኃላፊው ተቀየረ። አራት ወር ፈጀ። በመጨረሻ ለቅዳሜና እሁድ ከሰዓት፣ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ብቻ ፈረምን። የሰፈሩ ዕድር ወንበር አዋሰን፣ አናጢ ጎረቤታችን ጣሪያውን በነፃ ደፈነልን። ልጆቹ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቆሻሻ አወጡ። አሁን ድራማ አለ፣ ሥዕል አለ፣ ከመድረኩ ጀርባ ያለችውን ክፍል ደግሞ ማንበቢያ ሊያደርጓት አሰቡ። ያኔ የአጎቴን ታሪክ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ «እዚያ ውስጥ የሆነውን ጽፈን ግድግዳው ላይ ብንሰቅለውስ? ዝም ብሎ መጽሐፍ መደርደር ይከብዳል» አለች። ተስማማን።

በመጀመሪያው ዝግጅት ቀን አክስቴን ይዤ መጣሁ። ደጃፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። አልገፋኋትም። ልጆቹ ወንበር አወጡላት፣ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፣ ድራማውን ከውጭ ሆና እስከ መጨረሻው አየችው። ሲያልቅ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ቁልፉ አሁን ማን ጋ ነው?»

«ልጆቹ ጋ ነው» አልኳት። ለሰኔ 30 የቀረን ስድስት ሳምንት መሆኑን አልነገርኳትም።

ለማራዘም ማመልከቻ አስገብተናል። በዚህ አዳራሽ የተማራችሁ፣ የዘፈናችሁ፣ ቴኳንዶ የሠራችሁ፣ ወይም እንደ አክስቴ ስንቅ ያመላለሰ ዘመድ ያላችሁ፣ ታሪካችሁን ከታች ጻፉልኝ። ልጆቹ ለግድግዳው እየሰበሰቡ ነው። የእናንተስ ሰፈር አዳራሽ ዛሬ ምን ሆኗል? ቁልፉስ?

መልካም ሰንበት።