ትንፋሽዎን ይያዙ

«አባባ፣ አየር ይሳቡ፤ ይያዙት!» የምትለው ትእዛዝ ከግድግዳው ወዲያ ስትሰማ እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። አባቴን ደረቱን ያመው ከጀመረ ወራት አልፈዋል። የመጀመሪያው የልቡ ሥዕል ደብዝዞ ወጣ፤ ለካ ትንፋሹን ቀድሞ ለቆት ኖሯል። እንደገና ተነሳ። ሲወጣ የጠየቀኝ ታዲያ ስለ በሽታው አልነበረም። «የታመመው ልቤ ነው፤ ትንፋሼ ምን አገባው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ታሪክ ያስፈለገኝም ያ ጥያቄ ነው።

ልብ ለመላ አካላችን ደም ትረጫለች። የራሷን ቀለብ የምታገኘው ግን ኮሮናሪ ከሚባሉ፣ ውፍረታቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ነው። እነሱም በላይዋ ተጠምጥመው የሚኖሩ ናቸውና በመታች ቁጥር አብረዋት ይዘላሉ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1958 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ዶክተር ሜሰን ሶንስ የአንድ የ26 ዓመት ወጣት ልብ ሲመረምሩ ቀጭኗ ቱቦ ሳይታሰብ ወደ ቀኙ ኮሮናሪ ገባች። 30 ሚሊ ሊትር ያህል የራጅ ቀለም እዚያው ተረጨ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ይገድላል ተብሎ ይታመን ነበር፤ እውነትም የወጣቱ ልብ ቆመች። ሶንስ እንዲስል ጮኸው አዘዙት። ሳለ፤ ልቡም መምታት ጀመረች። የኮሮናሪ ፊልም የተወለደው ከዚህ ድንጋጤ ነው። ፊልም በመሆኑም የቧንቧዎቹ መዝለል አላስቸገረም፤ እንዲያውም ዝላያቸው ራሱ ታየ።

ችግሩ የመጣው ከሲቲ ስካን ጋር ነው። እንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ በመሣሪያቸው ስትነሳ የታየው ጭንቅላቷ ነበር። መሣሪያው ከብዙ አቅጣጫ ያየውን አንድ ላይ ሰፍቶ ሥዕል ያወጣል፤ ያን ጊዜ ደቂቃዎች ይፈጅበት ነበር። አንጎል ይታገሣል፤ ልብ ግን አትታገሥም። በ2000 የታተመ ልኬት እንደሚያሳየው ቀኙ ኮሮናሪ በአማካይ በሰከንድ 70 ሚሊ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ የግራው ፊተኛ 22 ያህል ብቻ። የቀኙ በሰከንድ አንድ አሥረኛ 7 ሚሊ ሜትር ሄደ ማለት ነው፤ ከራሱ ውፍረት ይበልጣል።

ስለዚህ ብልሃቱ የልብን ዕረፍት መጠበቅ ሆነ። ልብ ተኮማትራ ከላላች በኋላ፣ ቀጣዩን ምት ከመጀመሯ በፊት፣ አጭር ጸጥታ አላት። ያችን ቅጽበት የሚጠቁመው ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ መንገዱን የጠረጉለት ኢ.ሲ.ጂ. ነው። ምቱ በዘገየ ቁጥር ዕረፍቱ ይረዝማል፤ ለአባቴም አስቀድሞ ክኒን የተሰጠው ለዚሁ ኖሯል።

ትንፋሽስ? ልብ የተቀመጠችው በድያፍራም ላይ ነው። አየር ስንስብ ድያፍራም ይወርዳል፤ እሷም ትከተለዋለች። በ1995 በኤም.አር.አይ. እንደተለካው ድያፍራም 10 ሚሊ ሜትር ሲወርድ የቀኙ ኮሮናሪ መነሻ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል። ኢ.ሲ.ጂ. ሰዓቱን ቢያውቅም ትንፋሽ ቦታውን ያዛባበታል።

ሁለተኛው ሥዕል ጠርቶ ወጣ፤ የአባቴ የቀኝ ቧንቧ ጠቦ ተገኘ፤ ሕክምናውንም ጀምሯል። ይህን ሁሉ ሳስረዳው በጥሞና አዳመጠኝና፣ «ቀድመው እንዲህ ቢነግሩኝ መቼ እለቀው ነበር?» አለኝ።