የንባብ ቤት ጆሮ

ጋይንት በቤተ ክህነት ትምህርት ታሪክ ሁለት ታላላቅ ምስክር ቤቶች አሏት፤ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት። ወደ እነዚህ ደጆች የሚደርሰው ተማሪ ግን በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም ይሁን በሌላ አገር፣ አስቀድሞ በንባብ ቤት ያለፈ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ከተስፋፋ ወዲህ ይህ ንባብ ቤት «ሽምደዳ» ተብሎ ተነቅፏል። ነቀፌታው ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ችኮላ ነው።

አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ ፊደል ቆጥሮ መልእክተ ዮሐንስን ሲጀምር የግእዙን ቃል አይተረጉምም። በቁጥር፣ በግእዝና በውርድ ንባብ እየደጋገመ ይወጣዋል። ቁም ንባብ ሲደርስ ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን ለይቶ ማሰማት ይኖርበታል። በተነሽ የሚነበበው በብዛት ግሥ ነው። ግሥ ምን እንደሆነ የሚማረው ከዓመታት በኋላ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ ነው፤ ጆሮው ግን ግሡን ከስሙ መለየት ጀምሯል። ሕጉን የነገረው የለም፤ ከመስማት ብዛት ራሱ ቀድቶታል።

ይህ የጆሮ ሥራ በሳይንስ የተመሰከረለት ዘግይቶ ነው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ጄኒ ሳፍራን፣ ሪቻርድ አስሊንና ኤሊሳ ኒውፖርት በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ የስምንት ወር ሕፃናት ያለ ዕረፍት የሚፈስስ የክፍለ ቃላት ድምፅ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ሰምተው፣ የትኛው የትኛውን አዘውትሮ እንደሚከተል በመገንዘብ የቃላቱን ድንበር ለይተዋል።

ጆሮ የለየውን የሚያኖረው ትውስታ ነው። የቃል ትምህርት ሥርዓት በዚህ ረገድ ያስደንቃል። ቀን ንባብ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ያለ መጽሐፍ፣ ከመምህሩ አፍ የሚቀዳ ጸሎት። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ የሰኞው በሰኞ፣ የማክሰኞው በማክሰኞ ይደገማል። ሊደበዝዝ የቀረበው በሳምንቱ ይታደሳል። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 (እ.ኤ.አ.) ራሱን እየፈተነ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በጊዜ ተራርቆ የሚደረግ ድግግሞሽ በአንድ ጊዜ ከሚታጨቀው የበለጠ እንደሚጸና አመልክቷል። የኔታዎቹ ይህን ሥርዓት ከእርሱ አልተማሩትም።

ሆኖም ዳዊት ከደገመ በኋላ እርሻ ወይም ችግር የጠራው ልጅ የትርጉሙን ደጅ ሳያይ ይቀር ነበር። መቶ ኀምሳውን መዝሙር ሳያሰናክል እያነበበ ቃሉን የማያውቅ ሰው ብርቅ አልነበረም። የእናት ቋንቋ ለሕፃን ከእሳቱ፣ ከውኃውና ከእናቱ ፊት ጋር ይመጣል፤ ግእዙ ግን ድምፁ ብቻ ተነጥሎ መጣለት። ጆሮና ትውስታ የቋንቋን ቅርጽ ይሰጣሉ፤ ትርጉም በሌላ በር ይገባል። ያን በር የሚከፍተው ቅኔ ቤት ነበር፤ ሊገባበት የታደለው ተማሪ፣ ግሡ ሲገሰስለት፣ ለዓመታት በጆሮው ያኖረውን ድምፅ መልሶ ያገኘው ነበር።